መንግሥታት ለሴቶች የፈረሙት ውል እንዴት ይሠራል? ወጪውስ የማን ነው?

«አገራት ለፆታ እኩልነት በጋራ ለመሥራት ተስማሙ» የሚል ዜና ሬዲዮ ላይ ሲሰሙ ምን ይላሉ? ብዙ ሰው «ደግሞ ተሰበሰቡ!» ብሎ ጣቢያ ይቀይራል። አይፈረድበትም። ዜናው ስለ ፊርማው እንጂ ከፊርማው በኋላ ስለሚሆነው አይነግረንም። ያልፈጸመውን መንግሥት ማን ይጠይቀዋል? ወረቀቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ይመጣል ወይ? በደል የደረሰባት ሴት ይዛው መቆም ትችላለች? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ይወጣል? እነዚህን በተራ እንያቸው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ፣ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። በ1995 ቤጂንግ ላይ መንግሥታት ተሰብስበው አሥራ ሁለት መስኮችን የያዘ የድርጊት መርሐ ግብር ተቀብለዋል። ስሙ እስከ ዛሬ በየስብሰባው ይነሳል። ሆኖም ቃል የተገባበት ሰነድ ነው እንጂ በሕግ የሚያስገድድ አይደለም። «ስምምነት» የሚባለው ግን ውል ነው። የገባበት መንግሥት ይታሰርበታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህኛው ላይ ነው።

ስለ ሴቶች መብት ከተጻፉት ዓለም አቀፍ ውሎች ዋናው ሙሉ ስሙ «በሴቶች ላይ የሚደረገውን ማንኛውንም ዓይነት አድልዎ ለማስወገድ የተደረገ ስምምነት» ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ባለሙያዎቹ «ሴዳው» እያሉ ያሳጥሩታል፤ እኛም እንዲሁ እንበለው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው በ1979 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1981 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ልክ በሳምንቱ ገባችበት። ጊዜው የደርግ ዘመን ነበር። ዛሬ 189 አገሮች አባል ናቸው። ከውጭ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ኢራን፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ሁለት ትናንሽ የፓስፊክ ደሴት አገሮች ይገኙበታል። አሜሪካም ከቀሩት አንዷ ናት። በ1980 ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም።

ውሉ ሠላሳ አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስቱ መብቱን ይዘረዝራሉ፦ መምረጥና መመረጥ፣ ዜግነት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ጤና፣ የገጠር ሴቶች ኑሮ፣ ጋብቻና ቤተሰብ። የቀሩት ስለ አሠራሩ ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነበው የመብቱን ዝርዝር ነው። ነገሩ የሚንቀሳቀሰው ግን ከኋላ ባሉት አሰልቺ አንቀጾች ነው።

መፈረምና ማጽደቅ ልዩነት አላቸው? አዎ፣ ትልቅ ልዩነት አላቸው። መፈረም «ሐሳቡን ተቀብያለሁ፣ አስብበታለሁ» እንደ ማለት ነው። ማጽደቅ ደግሞ «ገብቼበታለሁ፣ ጠይቁኝ» ማለት ነው። በእኛ አገር አንድ ስምምነት የሚጸድቀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የማጽደቂያ አዋጅ ያወጣል፣ አዋጁም በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በመፈረምና በማጽደቅ መካከል ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የአፍሪካ አገሮች በ2003 ሞዛምቢክ ውስጥ ማፑቶ ላይ የተቀበሉትን የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ በ2004 ፈርማ ያጸደቀችው በ2018 ነው። አሥራ አራት ዓመት!

ሌላም ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ፤ «ተዓቅቦ» ይባላል። አንድ አገር ውሉን ሲያጸድቅ «ይህቺን አንቀጽ ግን አልቀበልም» ብሎ ለይቶ የሚያስመዘግበው መግለጫ ነው። ውሉን ይቀበላል፣ ከውስጡ ግን የማይመቸውን ያስቀራል። ሴዳው ላይ ተዓቅቦ ያላስመዘገበ አገር የለም ብለው ግን እንዳያስቡ፤ ብዙ አሉ። ችግሩ ያስመዘገቡት አንዳንዶቹ የውሉን ልብ ነው የሚያወጡት። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2000 ስትገባ ከእስልምና ሕግ ጋር የሚጋጭ አንቀጽ እንደማያስገድዳት በጥቅሉ አስመዝግባለች። እስራኤል ጋብቻና ፍቺ በሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ስለሚዳኙ የጋብቻውን አንቀጽ በዚያ መጠን አልተቀበለችም። ስለዚህ እዚያ ያለች ቤተ እስራኤላዊት ፍቺ ስትጠይቅ የሚዳኛት የረቢዎች ፍርድ ቤት ነው፤ ሴዳው በዚህ በኩል ብዙም አያግዛትም።

ተዓቅቦ ለዘላለም ነው ማለት ግን አይደለም። ኩዌት ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1994 ውሉን ስትቀበል ሴቶች ይመርጣሉ የሚለውን አልቀበልም ብላ ነበር። ሴቶቿ ለዓመታት ጮኹ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሜይ 2005 ላይ ፓርላማው የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጣቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩዌት ተዓቅቦዋን አነሳች። ውሉ ብቻውን ይህን አደረገ ብል ዋሸሁ። ነገር ግን ሴቶቹ የሚጠቅሱት፣ መንግሥታቸውም በየጊዜው የሚጠየቅበት ጽሑፍ እጃቸው ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ያጸደቀ መንግሥት ባይፈጽም ምን ይሆናል? ፖሊስ አይመጣበትም። መቀጫም አይከፍልም። ነገሩ ከእድር ብዙ አይርቅም። እድር ወታደር የለውም፤ ደንብ ግን አለው፣ ዳኛ አለው፣ ስም የሚጠራበት ቀን አለው። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ በጎረቤቱ ፊት ይናገራል።

የሴዳው «ዳኞች» ኮሚቴ ሆነው የሚሠሩ 23 ባለሙያዎች ናቸው። አባል አገሮች ለአራት ዓመት ይመርጧቸዋል፤ ከተመረጡ በኋላ ግን የአገራቸው ተወካይ ሆነው አይቀመጡም። ደመወዝ የላቸውም። ለትራንስፖርትና ለውሎ አበል ይከፈላቸዋል፤ ከዚያ ውጭ ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነላቸው ክፍያ በዓመት አንድ የአሜሪካ ዶላር ነው። ተሳስቼ አይደለም፣ አንድ ዶላር። በየዓመቱ ጄኔቭ እየተሰበሰቡ የአገሮችን ሪፖርት ያያሉ።

ሪፖርቱ እንዴት ይቀርባል? እያንዳንዱ አገር ውሉን በተቀበለ በአንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየአራት ዓመቱ አንድ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። የርዝመት ገደብ ተበጅቶለታል፦ በየጊዜው የሚቀርበው ሪፖርት ከ21,200 ቃላት መብለጥ የለበትም። መንግሥታት ቀድሞ እንደ መጽሐፍ የሚከብድ ሪፖርት ይልኩ ነበርና ነው። ሪፖርቱ ውስጥ የወጡ ሕጎች፣ የተመደበ በጀት፣ በቁጥር የተደገፈ መረጃ ይገባል። በኢትዮጵያ ይህን የሚያስተባብረው የሴቶችን ጉዳይ የያዘው ሚኒስቴር ነው። ከፍትሕ፣ ከጤና፣ ከትምህርትና ከክልሎች መረጃ መሰብሰብ አለበት። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጻጻፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ለዚህ ነው ሪፖርቶች የሚዘገዩትና የሚደረቡት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሪፖርት የቀረበው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ተደርቦ ነበር። አራተኛውና አምስተኛው አንድ ላይ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛውም አንድ ላይ ሄዱ። ስምንተኛው ብቻውን ቀርቦ በ2019 ተመርምሯል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ በሽታ አይደለም። ብዙ አገር እንዲሁ ነው።

ከመንግሥት ሪፖርት ጎን ሌላ ወረቀትም ይገባል። «ትይዩ ሪፖርት» ይሉታል። የሚጽፉት ማኅበራትና የሰብዓዊ መብት ተቋማት ናቸው። መንግሥት «ሠርተናል» ያለውን እነሱ «የት?» ብለው ይፈትሹታል። በእኔ እምነት የዚህ ሥርዓት ጥርስ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሰዎች ጎንደርን ወይም ጅግጅጋን አያውቁም። የሚያውቁት በወረቀት የደረሳቸውን ብቻ ነው። መንግሥት ብቻ ከጻፈ የመንግሥትን ብቻ ያነባሉ።

ከዚያ የፊት ለፊቱ ጥያቄ ይመጣል። የአገሩ ልዑካን ጄኔቭ ይሄዳሉ፣ ብዙ ጊዜ በሚኒስትር ወይም በሚኒስትር ዴኤታ ይመራሉ። ጥያቄና መልሱ ጠዋት ለሦስት ሰዓታት፣ ከሰዓት በኋላም ለሦስት ሰዓታት ይካሄዳል። ባለሙያዎቹ አንቀጾቹን ተከፋፍለው ይይዛሉና ጥያቄው ዝርዝር ነው። «የሴት ልጅ ግርዛትን በወንጀል ሕጋችን ከልክለናል» የሚል መልስ አያረካቸውም። ስንት ሰው ተከሰሰ? ስንቱ ተፈረደበት? ጥቃት የደረሰባት ሴት የምታርፍበት መጠለያ ስንት አለ? ከዋና ከተማው ውጭስ? መልስ የሌለው ባለሥልጣን «በጽሑፍ እናቀርባለን» ይላል። ይህ ሁሉ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል፤ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል።

በመጨረሻ ኮሚቴው «ማጠቃለያ ምልከታ» የሚባል ሰነድ ያወጣል። ምን ደስ እንዳሰኘው፣ ምን እንዳሳሰበው፣ ምን እንዲደረግ እንደሚመክር ይጽፋል። ከምክሮቹ ውስጥ ጥቂቶቹን ይመርጥና በሁለት ዓመት ውስጥ መልስ ይጠይቅባቸዋል። ሰነዱ አያስርም፤ ሆኖም ለጋሾች ያነቡታል፣ ጋዜጠኞች ይጠቅሱታል፣ በቀጣዩ ዙር ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያኔ የመከርናችሁን የት አደረሳችሁት?» የሚል ነው።

«ይህ ሁሉ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ካሉ፣ መልሱ ጄኔቭ ሳይሆን አገር ቤት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎሙ ይላል። ስለዚህ ጠበቃዎ ሴዳውን ወይም የማፑቶን ፕሮቶኮል ችሎት ላይ መጥቀስ ይችላል።

በተግባር ግን እንቅፋት አለ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የማጽደቂያው አዋጅ እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አይደለም። ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ጽሑፉ የለም። ያላየውን ሕግ ደግሞ ዳኛ አይደፍርም። ቢሆንም መንገዱ ተከፍቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጁን በማሳደግ ያልተሳተፈ አባት ሞግዚትነት ሲጠይቅ፣ የሕፃናት መብት ስምምነትን ጠቅሶ ልጁ ካሳደገችው አክስቱ ጋር ይቆይ ብሏል። ያ የሕፃናት ውል ነው፤ በዚያው በር ግን የሴቶቹም ይገባል። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድም ልብ ይበሉ።

ፍርድ ቤት ደፍሮ ሲጠቀምበት ምን እንደሚመስል ሕንድ አሳይታለች። በራጃስታን አንዲት የመንግሥት የማኅበረሰብ ሠራተኛ የሕፃን ልጅ ጋብቻ ለማስቆም ስለሞከረች በ1992 በቡድን ተደፈረች። የሴቶች ማኅበራት ጉዳዩን ይዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥያቄያቸው ሰፊ ነበር፦ ሴት በሥራዋ ላይ ከሚደርስባት ወሲባዊ ጥቃት የሚጠብቃት ሕግ የታለ? በእርግጥም አልነበረም። ሕንድ ሴዳውን ያጸደቀችው በ1993 ነው። ፍርድ ቤቱ በ1997 ያንን ይዞ «ፓርላማ ሕግ እስኪያወጣ ድረስ አሠሪዎች ሁሉ በዚህ መመሪያ ይገዙ» ብሎ መመሪያውን ራሱ ጻፈ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሴት የሚመራ የአቤቱታ ኮሚቴ እንዲያቋቁም አስገደደ። ፓርላማው ሕጉን ያወጣው በ2013 ነው። በመካከሉ ላሉት አሥራ ስድስት ዓመታት የሕንድ ሴቶች በሥራ ቦታ የተጠበቁት በዚያ መመሪያ ነበር።

ሕግ አውጪውም በፍርድ ቤት ሳይገፋ ራሱ ሊያስተካክል ይችላል። የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። የሴት የጋብቻ ዕድሜ 15፣ የወንድ 18 ነበር። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀረ፣ የሁለቱንም ዕድሜ 18 አደረገ። ለዚህ ዓመታት የተሟገቱት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱንና ሴዳውን ይዘው።

አገር ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ቢዘጋስ? ያኔ ወደ ውጭ አቤት ማለት ይቻላል፤ በየትኛው በር እንደሆነ ግን ለይተው ይወቁ። ሴዳው «አማራጭ ፕሮቶኮል» የሚባል ተጨማሪ ውል አለው፤ በ1999 ጸድቆ በ2000 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። ይህን የተቀበለ አገር ዜጋ በቀጥታ ለኮሚቴው ማመልከት ይችላል። አንዲት የስፔን እናት ይህን አደረገች። ከተለያየችው ባሏ የሚደርስባትን ዛቻ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ከሠላሳ ጊዜ በላይ አመልክታ ነበር። ዳኛው ግን አባትየው ልጁን ያለ ጠባቂ እንዲያገኛት ፈቀደ። በ2003 በአንዱ የጉብኝት ቀን የሰባት ዓመት ልጁን ገደላት፣ ራሱንም አጠፋ። እናትየዋ በስፔን ፍርድ ቤቶች ካሳ ጠይቃ ተረታች። ኮሚቴው በ2014 ስፔን ጥፋተኛ ናት አለ። መንግሥት መጀመሪያ ዝም አለ። በ2018 የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሚቴው ውሳኔ ያስገድዳል ብሎ 600,000 ዩሮ እንዲከፈላት ፈረደ። አሥራ አምስት ዓመት።

ኢትዮጵያ ይህን አማራጭ ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። ስለዚህ የጄኔቩ በር ለኢትዮጵያውያት በዚህ በኩል ዝግ ነው። የተከፈተው የባንጁሉ ነው፤ ጋምቢያ ውስጥ የሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን።

የባንጁሉ በር በኢትዮጵያ ጉዳይ ተንኳኩቷል። በ2001 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው ተይዞ በዋስ ሲለቀቅ ዳግመኛ ጠልፎ ደበቃት፤ የጋብቻ ውል ላይም አስፈረማት። ልጅቷ አመለጠችና ከሰሰች። በ2003 ጠላፊው አሥር ዓመት፣ ግብረ አበሮቹ ስምንት ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። ወራት ሳይቆይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በፈቃዷ ይመስላል ብሎ ሁሉንም ፈታቸው። የአገር ውስጡ መንገድ ተሟጠጠ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበሩ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2007 ለባንጁል አመለከተ። ኮሚሽኑ በ2015 ኢትዮጵያ ልጅቷን አልጠበቀችም፣ ፍትሕም አልሰጠቻትም ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት ወሰነ። ያኔ ኢትዮጵያ የማፑቶን ፕሮቶኮል ገና አላጸደቀችም ነበርና ውሳኔው የቆመው ኮሚሽኑ በሚመራበት ውል፣ በአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባ እንደሆነ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር። ያ ድንጋጌ በ2005 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

አገር ሌላውን አገር መክሰስ ይችላል? ይችላል። የሴዳው አንቀጽ 29 በውሉ አፈጻጸም የተጣሉ አገሮች መጀመሪያ እንዲደራደሩ፣ ካልሆነ ወደ ግልግል፣ በመጨረሻም ወደ ሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዲሄዱ ይፈቅዳል። ለአራት አሥርት ዓመታት ብዙም የተነካ አንቀጽ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2024 ግን አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ ታሊባን በአፍጋን ሴቶች ላይ በሚያደርገው ነገር አፍጋኒስታንን በዚህ መንገድ ተጠያቂ ለማድረግ መነሳታቸውን አስታወቁ። አፍጋኒስታን በ2003 ስታጸድቅ ተዓቅቦ አላስመዘገበችም። ኢትዮጵያ ግን በዚሁ አንቀጽ ላይ ተዓቅቦ አላት።

አሁን ስለ ወጪው። ለኮሚቴውም ሆነ ለባንጁል ለማመልከት የዳኝነት ክፍያ የለም። ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ማስተርጎም፣ ልዑካን መላክ ለመንግሥት ወጪ ነው፤ ከባዱ ግን ይህ አይደለም። ከባዱ አገር ቤት የሚወጣው ነው፦ መጠለያ፣ ምርመራ የሚያውቅ ሐኪም፣ የሠለጠነ ፖሊስ። ውሉ ይህን ገንዘብ ይዞ አይመጣም። የተባበሩት መንግሥታት ራሱ በቅርብ ዓመታት ጥሬ ገንዘብ አጥሮት የኮሚቴዎቹን ስብሰባ እስከ ማጠፍ ደርሷል።

ወጪው የት እንደሚያርፍ ካልታሰበበት መብቱ ባለመብቷን ሊጎዳት ይችላል። የወሊድ ፈቃድን ይውሰዱ። ሴዳው አንቀጽ 11 ላይ ከነደመወዙ ወይም ተመጣጣኝ ጥቅም ጋር ይሰጥ ይላል። የኢትዮጵያ የ2019 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፈቃዱን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጎታል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90። ጥሩ ነው። የሚከፍለው ግን አሠሪው ብቻውን ነው። አሥር ሠራተኛ ያላት የልብስ ስፌት ድርጅት እንበል። ወር 10,000 ብር የምትከፈላት ሠራተኛ ፈቃድ ስትወጣ የድርጅቱ ባለቤት 40,000 ብር ትከፍላለች፤ በቦታዋ ለምትተካውም ሌላ 40,000። በሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ስታወጣ ማንን መቅጠር እንደምትመርጥ መገመት ይቻላል። ይህን የዓለም ሥራ ድርጅት ቀደም ብሎ አይቶታል። በ2000 ያወጣው የወሊድ ስምምነት ወጪው በዋነኛነት በማኅበራዊ መድን ወይም በሕዝብ ገንዘብ እንዲሸፈን ይላል፤ ማለትም ሁሉም አሠሪ ወንድም ሴትም ቢቀጥር በየወሩ ጥቂት እያዋጣ። እኔ ብጠየቅ ተጨማሪ ቀን ከመጨመር በፊት ይህን እመርጣለሁ።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችንስ? ሳዑዲ፣ ኩዌትና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሁሉም የሴዳው አባላት ናቸው። ኮሚቴው በ2008 ባወጣው ማብራሪያ ስደተኛ ሠራተኞችን የሚልከውም፣ የሚያሳልፈውም፣ የሚቀበለውም አገር ኃላፊነት አለበት ብሏል። ስለዚህ ጥያቄው ለሪያድ ብቻ አይደለም፤ ለአዲስ አበባም ነው። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን የ2011 የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ግን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አንዱም አላጸደቀም። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን እዚሁ ቤታችን የምትሠራውን አይሸፍናትም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አገሪቱ ባታጸድቀውም ሳን ፍራንሲስኮ በ1998 ሴዳውን የከተማዋ ደንብ አድርጋዋለች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከትለዋታል። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውና ቅጥራቸው ሴቶችን እንዴት እንደሚነካ እየፈተሹ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። የምትኖሩበት ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ ካለው ለምክር ቤት አባላችሁ ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

አንባቢ በመጨረሻ «ታዲያ እኔ ከምን ልጀምር?» ማለቱ አይቀርም። ጉዳይ ያለዎት ከሆነ ከአገር ቤት ይጀምሩ፤ የውጭው በር የሚከፈተው የአገር ውስጡ ሲሟጠጥ ወይም ያለ ልክ ሲጓተት ነው። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ክፍያ የለውም። ለባንጁል የሚጻፍ ማመልከቻ የአመልካቹን ስም መያዝ አለበት፤ ስሜ አይገለጽ ማለት ግን ይቻላል። በጋዜጣ ወሬ ብቻ መደገፍ የለበትም። ስድብ ያለበትም አይታይም፤ የተበደለ ሰው ብዕሩ ይሳላልና ይህ ብዙዎችን ይጥላል። የመጨረሻው ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ዓመታት ሳይቆጠሩ መቅረብ አለበት። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ይሰበሰባል፦ የፖሊስ መዝገብ ቁጥር፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የየደረጃው ፍርድ ቤት ውሳኔ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ። ግልባጩን በዚያው ሰሞን ከሬጅስትራር ያውጡ፤ ፋይል ከዓመታት በኋላ ፈልጎ ማስወጣት ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።